ሐሳቡን አብረን እንፈትሸው
ስለ ሲቢቲ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ ለሥነ ልቦና ተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ ይህን ሁሉ ትራፊክ አልፋችሁ ስለ አእምሮ ጤና ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ወደ ምክር ክፍል የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ምን ላድርግ? እስቲ ይንገሩኝ» ብሎ ነው። አይገርምም። እኛ አገር ሰው ሲጨንቀው የንስሐ አባቱን ያማክራል፣ ሼኹን ይጠይቃል፣ ታላቅ እህቱን ያዋያል፣ ነገሩ ከከበደ ሽማግሌ ይጠራል። እነሱም ይመክሩታል፣ ያጽናኑታል። ብዙ ሰው በዚሁ ይቀለዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ምክሩን ሁሉ ሰምቶ የጨረሰው ነው። «አትጨነቅ» ተብሏል። «ካንተ የባሰ ስንት አለ፣ ተመስገን በል» ተብሏል። «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ጠንከር በል» ተብሏል። ሁሉንም ሞክሮ አልሆነለትም። አሁን በጭንቀቱ ላይ «እኔ ነኝ ደካማው» የሚል ሌላ ሸክም ጨምሮ ነው በር የሚያንኳኳው።

ለዚህ ሰው አንድ ተጨማሪ ምክር ብሰጠው ምን እጠቅመዋለሁ? ዛሬ የምነግራችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው። በሲቢቲ፣ ማለትም ሐሳብንና ድርጊትን በመፈተሽ በሚሠራው የንግግር ሕክምና፣ የቴራፒስቱ (የሕክምናው ባለሙያ) ትልቁ መሣሪያ ጥያቄ ነው። ሰውየው ያስጨነቀውን ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ እናወጣዋለን፣ እውነት መሆኑን አብረን እንፈትሻለን፣ ከዚያ ከክፍሉ ወጥቶ በኑሮው ውስጥ ይሞክረዋል። መልሱን የሚያገኘው እሱ ነው።

ስለ ታካሚዎች እያነሳሁ ስለማወራ አንድ ነገር ላስቀድም። የማነሳቸው ታሪኮች ከብዙ ሰዎች የተውጣጡ ናቸው። የአንድም ሰው ታሪክ እንዳለ አልቀረበም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለጓደኛሽ ቴሌግራም ላይ መልእክት ላክሽላት። ማንበቧ ታየ። መልስ ግን የለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አንዷ ሴት «ንቃኝ ነው» ብላ ትናደዳለች። ሌላዋ «ምን አስቀይሜያት ይሆን?» እያለች እንቅልፍ ታጣለች። ሦስተኛዋ «ሥራ ላይ ሆና ነው» ብላ ምሳዋን ትበላለች። የሆነው ነገር አንድ ነው። ስሜታቸው የተለያየው በመሐል ባለፈው ሐሳብ ምክንያት ነው። ያ ሐሳብ ደግሞ ሳንጠራው የሚመጣ፣ ፈጣን፣ ብዙ ጊዜ ራሱን እንኳ የማናስተውለው ነው።

ይህን በሕክምና ክፍል ውስጥ ያስተዋለው አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ቤክ እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልዶ በ2021፣ 100 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ያረፈው። በፊላደልፊያ፣ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ሥልጠናው የኦስትሪያዊው ሐኪም የፍሮይድ ዘዴ ነበር። ታካሚው ሶፋ ላይ ይጋደማል፣ የመጣለትን ይናገራል፣ ሐኪሙ ይተረጉማል። ቤክ የፍሮይድን አስተምህሮ በሳይንስ ላረጋግጥ ብሎ ተነሳ። ድብርት ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው ይባል ስለነበር የድብርት ታካሚዎችን ሕልም መረመረ። የጠበቀውን ቁጣ አላገኘም። ያገኘው መሸነፍን፣ ማጣትን፣ «አልረባም» የሚል ስሜትን ነው።

አንዲት ታካሚው ደግሞ ስለ ፍቅር ሕይወቷ እያወራችለት በጣም ትጨነቅ ነበር። እሱ ጭንቀቷ ከምታወራው ጉዳይ የመጣ መስሎት ተረጎመላት። እሷ ግን የምታስበው ሌላ ነበር፤ ዶክተሩን እያሰለቸሁት ነው እያለች ነበር። አስቡት። ይህ ሐሳብ ከምታወራው ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቷል። እስኪጠይቃት ድረስ አልነገረችውም። ሲቢቲ የምንለው ሕክምና ከእንዲህ ዓይነት ግኝት ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1977 እነ ቤክ ሕክምናቸውን በዘመኑ ከነበረው ኢሚፕራሚን ከሚባል የድብርት መድኃኒት ጋር አወዳድረው ጥሩ ውጤት አወጡ። ያኔ ነው የሙያው ዓለም ጆሮ የሰጣቸው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ።

አንዲት ወጣት አለች እንበል። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ታክሲ ተሳፈረች። ታክሲው ሞልቷል። ዝናብ ስለሆነ መስኮቱ ዝግ ነው። ድንገት ልቧ ይመታ ጀመር። ትንፋሽ አጠራት። እጇ ደነዘዘ። ላብ አሰመጣት። መሐል መንገድ ላይ ወርዳ ሐኪም ቤት ሄደች። የልብ ምርመራ ተደረገላት፣ ደሟ ታየ። «ምንም የለብሽም» ተባለች። በሁለተኛው ሳምንት ደገማት። ሌላ ሐኪም ቤት ሄደች። «ደህና ነሽ፣ አትጨነቂ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ቀረ። የደሞዟን ግማሽ ራይድ ይበላው ጀመር። ሰርግ ቀረች፣ ለቅሶ ቀረች።

ሐኪሞቹ የነገሯት እውነት ነው። ልቧ ጤነኛ ነው። እሷ ግን «ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር?» ትላለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንም አልመለሰላትም።

እኔ ጋ ስትመጣ ባዶ ወረቀት እናወጣለን።

«ልብሽ መምታት ሲጀምር በሐሳብሽ ምን መጣ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ፈራሁ።»

«እሺ። አሁን ታክሲው ውስጥ እንዳለሽ አስቢው። መስኮቱ ዝግ ነው። ዝናቡ ይሰማሻል። ልብሽ ጀመረ። ከዚያስ?»

ትንሽ ቆየች። «ልቤ ሊቆም ነው አልኩ። እዚሁ ሰው መሐል ልወድቅ ነው። እናቴ ይሄን ሰምታ እንዴት ትሆናለች አልኩ።»

ይኸው መጣ። ወረቀቱ ላይ «ልቤ ሊቆም ነው» ብለን እንጽፋለን። ቀስት አድርገን «ፍርሃት» እንላለን። ሰውነት ሲፈራ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ሌላ ቀስት። ልቧ ይበልጥ ሲፈጥን «ይኸው፣ እውነትም ሊቆም ነው» ትላለች። ቀስቱ ተመልሶ ከተነሳንበት ቦታ ደረሰ። ክብ ሆነ። ይህን ክብ እ.ኤ.አ. በ1986 በግልጽ ያስቀመጠው ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ነገሩ ጎረቤት ቡና ስትቆላ ጭሱን አይቶ «እሳት!» ብሎ እንደሚጮህ ሰው ማለት ነው። ጭሱ እውነት ነው። ቃጠሎ ግን የለም።

ብዙ ሰው ይህን ክብ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ነገር ትርጉም አገኘ። ግን ማየት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «እንዳትወድቂ ምን ምን ታደርጊያለሽ?» ዝርዝሩ ይመጣል። በር አጠገብ ትቀመጣለች። የውኃ ጠርሙስ ከእጇ አይጠፋም። እህቷ ጋ ደውላ እስክትደርስ ታወራለች። ማስቲካ ታኝካለች። መስኮት ታስከፍታለች። እነዚህ ነገሮች ያረጋጓታል፣ ችግሩም ያ ነው። በሰላም በደረሰች ቁጥር «ውኃው ባይኖር ኖሮ ወድቄ ነበር» ትላለች። ሐሳቡ ሳይፈተሽ ያልፋል።

ስለዚህ እንፈትነዋለን። መጀመሪያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ። የልብ ችግር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ሁለታችንም ቆመን ለአንድና ለሁለት ደቂቃ በኃይል፣ በፍጥነት እንተነፍሳለን። እኔም አብሬ ነው የማደርገው። እጅ ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ልብ ይመታል። «ይሄው! ታክሲ ውስጥ የሚሰማኝ ይሄው ነው!» አለች። አየር አብዝቶ መተንፈስ ብቻውን ይህን ሁሉ ስሜት እንደሚያመጣ በራሷ ሰውነት አየችው። ይህን በአንድ ሰዓት ስብከት ላስረዳት አልችልም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ታክሲው። ከመሄዷ በፊት ደብተሯ ላይ ትንቢቷን ትጽፋለች። «መሐል ወንበር ላይ፣ ያለ ውኃ ብቀመጥ እወድቃለሁ።» ምን ያህል ታምኚዋለሽ? ከ100 90። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፌርማታ ብቻ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ጥግ፣ መስኮት ተዘግቶ። የሚገርማችሁ በመሐል አንድ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ከመውደቅ እኩል የምትፈራው «ወራጅ አለ!» ብላ መጮህን ነበር። ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል ብላ። እሱንም በዝርዝሩ ውስጥ አስገባነው። አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። እንዲህ ይላል፦ «ልቤ መታ። ላብ ነበር። ወራጅ አለ አልኩ፣ ወያላው አልሰማኝም፣ ደግሜ ጮህኩ። አልወደቅኩም። 40።»

ከ90 ወደ 40 መውረድ ሙሉ ፈውስ አይደለም። ግን ቁጥሩን ያወረደችው ራሷ ናት፣ በራሷ ማስረጃ። ለዚያ ነው የሚጸናው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ቀጠሮው አካሄድ ነው። አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ 50 ደቂቃ ይሆናል። መጀመሪያ ሳምንቱ እንዴት እንደነበር እንጠያየቃለን። የዛሬን አጀንዳ አብረን እንይዛለን። የቤት ሥራውን እናያለን። አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ላይ እንሠራለን። አዲስ የቤት ሥራ እንስማማለን። እንዲህ ያሉ ቀጠሮዎች ለብዙ ሰው ከ12 እስከ 20 ባለው ውስጥ ያልቃሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የቤት ሥራውን በስልኩ ድምፅ መቅዳት ይችላል። የግድ ደብተር አይደለም።

መጨረሻ ላይ «ዛሬ ካነሳነው ያልተዋጠልሽ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ አለ። ይህችን ጥያቄ እኛ አገር ከየትም አገር በላይ አጥብቃችሁ ያዙ። የእኛ ሰው ጨዋ ነው። ባለሙያ ያከብራል። ሳይስማማ «እሺ» ይላል፣ ሳይገባው «ገብቶኛል» ይላል፣ ደህና ሁኑ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ አንዴ ጠይቆ ማለፍ አይበቃም። «ይሄ ለእኔ አይሆንም ያልሽው አንድ ነገር ንገሪኝ» ብሎ በር መክፈት ያስፈልጋል። ታካሚ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይ፣ እሱስ ልክ አይመስለኝም» ያለኝ ቀን ሥራችን ገና ጀመረ እላለሁ። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣን ሰውም አንቆጣም። ምን እንዳገደው እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ ያገደው ወደ እኛ ያመጣው ያው ሐሳብ ነው፦ «ብሞክረውም ለውጥ የለውም።»

ይህ ሐሳብ በብዛት የሚገኘው ድብርት ላይ ነው። የሚሠሩበት ድርጅት ተዘግቶ ሥራ የፈቱ፣ በሃምሳዎቹ ያሉ አባት አስቡ። እስከ ቀትር አልጋ ላይ ናቸው። ስልክ አያነሱም። እድር ስብሰባ ቀርተዋል። «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» ይላሉ። ከእሳቸው ጋር ስለ ሐሳብ ክርክር አልጀምርም። ጉልበት የላቸውም። መጀመሪያ ቀናቸውን ነው የምናየው። የሳምንቱ ሰዓታት የተሰመሩበት ወረቀት ይወስዳሉ። በየሰዓቱ ምን እንዳደረጉና ስሜታቸው ከ10 ስንት እንደሆነ ይጽፋሉ።

«ሁሉም ቀን አንድ ነው» ብለው ነበር የሄዱት። ወረቀቱ ሲመጣ አንድ አይደለም። ጠዋት 4 ሰዓት አልጋ ላይ፣ 1። ማክሰኞ ማታ ልጃቸውን ሒሳብ ሲያስጠኑ፣ 5። ሐሙስ ማታም 5። እሳቸው ራሳቸው አላስተዋሉትም ነበር። ከዚህ ተነስተን ትንንሽ ነገር በሰዓት እንመድባለን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፊት መታጠብ። ዳቦ እሳቸው ሄደው መግዛት። አንድ ጓደኛ ጋ መደወል። «ሲያሰኘኝ አደርገዋለሁ» ይላሉ፣ የማያሰኝበት በሽታ ይዟቸው። በድብርት ውስጥ ማሰኘቱ የሚመጣው ከማድረጉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፒተር ሊዊንሰን የሚባል ተመራማሪ ያጎላው ይህ ነው። ሰው ሲደበር ደስ ከሚለው ነገር ይርቃል፣ ሲርቅ ይበልጥ ይደበራል።

ትንሽ ጉልበት ሲመለስ ወደ ሐሳቡ እንሄዳለን። «ሸክም ነኝ።» ወረቀቱን ለሁለት እንከፍላለን። ይህን የሚደግፍ ምን አለ? ደሞዝ የለም። ባለቤታቸው ብቻቸውን እየሠሩ ነው። እውነት ነው፣ እንጽፈዋለን። የማይደግፍስ? ልጅቷ የምታጠናው ከእሳቸው ጋር ነው። ቤት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ባለቤታቸው ምን ይላሉ? አያውቁም። ጠይቀው አያውቁም። የቤት ሥራው ይህ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዘው መጡ። «ገንዘቡስ ይመጣል፣ እኔን የጨረሰኝ ዝምታህ ነው» ብለዋቸዋል። እኔ ለዓመት ብናገር እዚያ አልደርስም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ሕይወት የሚያድን ነው። «ሸክም ነኝ» የሚል ሰው ስትሰሙ በቀጥታ ጠይቁ። «መሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?» ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንፈራዋለን። ሐሳቡን የምናስገባበት ይመስለናል። አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲያውም ሰው ያንን ብቻውን ተሸክሞ ስለቆየ ሲጠየቅ ይቀለዋል። በየሕክምና ተቋሙ የምንጠቀምበት ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፣ ዘጠነኛው ይኸው ነው። ወላጆች፣ እናንተም ልጃችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። አዎ ካለ አትቆጡት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳው የሚችል ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን ስለ «ሰው ምን ይለኛል» ላንሳ። ከውጭ መጻሕፍት ተምሮ «ሰው ያለውን ይበል፣ አንተ ራስህን ሁን» የሚል አማካሪ ታገኛላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ የምንኖረው በሰው ነው። ለቅሶ የሚቀመጥልን፣ ሰርግ የሚያደምቅልን፣ ስንታመም የሚጠይቀን ሰው ነው። የሰው አስተያየት እዚህ አገር በእውነት ዋጋ አለው። ስለዚህ ጥያቄው «ሰው ምን ይላል ብዬ ላስብ ወይስ አላስብ?» አይሆንም። «ሰው ይለኛል ብዬ የማስበውን ነገር ሰው በእርግጥ ይለዋል ወይ?» ነው የሚሆነው። ይህ ሊፈተሽ ይችላል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰው ቤት ቡና አይጠጣም። ስኒ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ሱሰኛ ነው ይሉኛል» ይላል። አብረን አንድ ጥያቄ ጻፍን፦ «ስኒ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብታዩ ምን ታስባላችሁ?» እሱ ወንድሙን፣ የዶርም ጓደኞቹን፣ አክስቱን ጠየቀ። እኔ የማውቃቸውን ሰዎች ጠየቅሁ። «በርዶት ይሆናል።» «ጾም ውሎ ይሆናል።» «እኔ የሰው እጅ አላይም።» «ቡናው አቃጥሎት ነው።» አንድ ሰው ግን ቁርጥ አድርጎ «ሱስ አለበት እላለሁ» አለ።

ይህን መልስ ብንደብቀው ቀላል ነበር። አልደበቅነውም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሙን እንዲህ ዓይነት መልሶች ናቸው። «እሺ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ እንዲህ አሰበ። ከዚያስ ምን ይሆናል? ይህ ሰው ለአንተ ማን ነው? ቀኑ እንዴት ይቀጥላል?» ልጁ አስቦ «ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለ። ቀጣዩ ሥራ ትኩረቱን ማዛወር ነው። እንዲህ የሚፈራ ሰው ዓይኑ ከራሱ ላይ አይነሳም፤ «እጄ፣ ድምፄ፣ ፊቴ ቀላ» ይላል። ቅድም ያነሳሁት ክላርክና አድሪያን ዌልስ የሚባል ሌላ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን በደንብ ገልጸውታል። ስለዚህ የአክስቱ ቤት ሄዶ ቡናው ሲፈላ ማን ምን እንዳወራ ሰምቶ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ነው የተመለሰው፣ ወሬውን ሁሉ ይዞ።

ሐሳቡ እውነት ሲሆንስ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ ጨምሯል። ገንዘቡ የለም። ይህን «አዎንታዊ አስብ» ብሎ ማለፍ ስድብ ነው። ሲቢቲ ደስ የሚል ነገር ማሰብ አይደለም፣ በትክክል ማሰብ ነው። ችግሩ እውነት ከሆነ ወደ መፍትሔ ፍለጋ እንዞራለን፤ ምን አማራጭ አለ፣ ማን ሊረዳ ይችላል፣ ነገ ጠዋት የሚደረገው የመጀመሪያ ነገር ምንድነው። በጦርነት ዘመድ ያጣ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ሐዘኑ ስሕተት አይደለም። ሐዘንን አንፈትሽም። አብረነው እንቀመጣለን። የምንፈትሸው ከሐዘኑ ጋር ተያይዞ የመጣውን «እኔ ነኝ ያስገደልኩት» የሚለውን ዓይነት ሐሳብ ነው፣ እሱንም ሰውየው ሲዘጋጅ ብቻ።

ስለ እምነትም ትጠይቁኛላችሁ። ታካሚ «መተት ነው» ወይም «የኃጢአቴ ውጤት ነው» ብሎ ሲመጣ እኔ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ አልገባም። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። መድኃኒት ካለው ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ። ደግሞም የተደበረ ሰው መጀመሪያ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የእሑድ ቅዳሴ ወይም የጁምዓ ሶላት የሳምንቱ ዕቅድ የመጀመሪያ መስመር ሊሆን ይችላል።

ሲቢቲ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ነገር አይሆንም። ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ ከልክ ያለፈ፣ ወይም መብላትና መነሳት ያቃተው ሰው መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ማየት አለበት። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም። ለከባድ ድብርት መድኃኒትና ሲቢቲ አብረው ሲሰጡ ከአንዱ ብቻ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት አላቸው። ለጥቂት ወራት ሠርተን ምንም ለውጥ ካላየንም ዝም ብሎ መቀጠል ተገቢ አይደለም። ቆም ብሎ መገምገም፣ ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ያስፈልጋል።

«ይህ ሁሉ ባለሙያ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ከፓኪስታን የመጣ ሥራ ነው። ራዋልፒንዲ አካባቢ ባሉ ገጠሮች ነፍሰ ጡር ሆነው ድብርት የያዛቸው ወደ 900 የሚሆኑ እናቶች ተመርጠው ግማሾቹ በሲቢቲ ላይ የተመሠረተ እርዳታ አገኙ። እርዳታውን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባትና ስለ ሕፃናት ጤና የሚያስተምሩ የሠፈሩ የጤና ሠራተኞች ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ልጅ ከተወለደ ከ6 ወር በኋላ እርዳታውን ካገኙት እናቶች በድብርት ውስጥ የነበሩት 23 በመቶ ናቸው። ካላገኙት 53 በመቶ። እኛም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የእናቶችን በር የሚያንኳኩ፣ በቋንቋቸው የሚያወሩ፣ የሚታመኑ ሴቶች። እነሱን ሥልጠናና በየጊዜው የሚከታተላቸው ባለሙያ ብንሰጣቸው ብዙ ይሠራሉ ብዬ በእርግጠኝነት አምናለሁ። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ያንን ክትትል የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

መጨረሻ ላይ ስለ ማብቂያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰዎች ሕክምናው ማለቂያ የሌለው ይመስላቸዋል። ታካሚው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቀጠሮውን እናራርቃለን፤ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በወር። በመጨረሻው ቀጠሮ ደብተሩን ከፍተን አንድ ገጽ እንጽፋለን። ችግሩ ሊመለስ ሲል የመጀመሪያው ምልክት ምንድነው? አንዱ «ስልክ ማንሳት ስተው» ይላል፣ ሌላዋ «ታክሲ ትቼ ራይድ መጥራት ስጀምር»። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ምን አደርጋለሁ? ማንን አማክራለሁ? የትኛውን ሐሳብ መፈተሽ አለብኝ? ይህን የሚጽፈው ታካሚው ነው፣ በራሱ አባባል። እኔ ከጎን ሆኜ እጠይቃለሁ። ከዚያ በ3 ወርና በ6 ወር አንድ አንድ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ያ ገጽ ምን ያህል እንደሠራ ለማየት።

እስካሁን እኔ ብቻ አወራሁ። ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ ይምጣ፤ በተለይ «ይሄ ልክ አይመስለኝም» ያላችሁት ነገር ካለ ከእሱ እንጀምር።